«ወላጅ አምጣ»፦ የአንድ ልጅ ጉዳይ ከሐይቅ እስከ ደሴ

የካቲት 2016 ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ስም ጠሪ መምህር ነው። «ልጃችሁ ታሟል እንዴ? ክፍል ካልገባ ሦስት ሳምንት ሆነው» አለኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ። «ኧረ በየቀኑ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፤ ዛሬም ሄዷል!» አለች።

ሁለቱም አልዋሹም። ልጁ ጠዋት ከቤት ይወጣል። ትምህርት ቤት ግን አይደርስም። ከሐይቁ በላይ ካለው ባህር ዛፍ ውስጥ ይቀመጥና ልጆቹ ሲለቀቁ ተቀላቅሎ ይመለሳል።

ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው። እህቴ ሳዑዲ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አምስት ዓመት አልፎ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ከቤት የወጣ ነው፤ ስለሱ ብዙ የምናወራው የለንም። እኔ ደሴ ነኝ። ስሙን አልጽፍም። እሱም እናቱም ታሪኩ ይጻፍ ብለዋል። እንዲያውም እሱ አንድ ቦታ ላይ አርሞኛል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሩቅ አይደለም። ግቢው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ካቡ ላይ የተሰጣ ፍራሽ ነው። መሀሉ ላይ ዙሪያው ቡናማ የሆነ እድፍ፣ እዚያው ላይ ሌላ እድፍ፣ ሌላ እድፍ። እናቴ አየችብኝ ብላ መሰለኝ ፈጠን ብላ ገለበጠችው። «ጸሐይ ይንካው ብዬ ነው» አለች። እሷ ፍራሽ የምታሰጣው ለክረምት መውጫ ነው። የካቲት ላይ ምን ሊያደርግላት?

ከቡናው በኋላ ነገረችኝ። ልጁ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ለማንም አልተናገረችም። ለእህቴም፣ ለኔም። እህቴ በደወለች ቁጥር «ደህና ነው፣ አድጓል፣ ቁመቱ አንቺን አልፏል» ነው የምትለው። ሰው አገር ያለን ልጅ ማስጨነቅ ነውር ነው ብላ። እህቴም በበኩሏ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። ሁለቱ በየሳምንቱ ተደዋውለው ደህንነታቸውን ይቀያየራሉ።

ልጁን ጠየቅኩት። «ለምን ትምህርት ቤት አትሄድም?» መሬት አየ። «ማነው የነካህ?» ማንም። «ምን ሆነህ ነው?» ምንም። እኔም የማውቀው የአጠያየቅ ዘዴ እዚህ ላይ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ወር በዝርዝር መጻፍ ይከብደኛል፤ ግማሹ በከንቱ መሮጥ ነበር። ግን ይኼን የሚያነብ ሰው ምናልባት አሁን እዚያው ሩጫ ላይ ነው፣ ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ደም ሰጠ። ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ፣ ሁለቱም። በኛ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ላብራቶሪ ያልገባ ሰው ብቻ ነው። የአሥር ቀን ክኒን ዋጠ፣ ቪታሚንም ተወጋ። ፍራሹ አሥሩንም ቀን ካቡ ላይ ነበር።

እናቴ ደግሞ በራሷ መንገድ ሄዳለች። ሼሁ ዘንድ ወስዳው ቁርዓን ተቀርቶበት ውሃ ጠጥቷል። ጎረቤታችን እትዬም «ጠበልም ይሞከር» ብላ፣ እናቴ ተስቢሏን እየቆጠረች ጠበል ወስዳዋለች። ይኼ ለሌላ አገር ሰው ይገርመው ይሆናል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ጠበል፣ ክርስቲያኑ ዱዓ ቢል ማንም ዞሮ አያይም።

አንድ ወዳጄ «የሚያስተኛ ክኒን ከፋርማሲ ላምጣልሽ፣ ልጁ እንቅልፍ ነው ያጣው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ከብልህነት አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ፍርሃቴ ልክ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2016 ታድሷል። በጭንቀትና በሐዘን ለሚሰቃዩ ልጆች እንዲህ ያለ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዳይጀመር ይላል። መጀመሪያ ንግግር፣ መጀመሪያ ቤተሰብ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው የሚለው።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ ትሁት ሰው ነው፣ ሥራ በዝቶበታል። መዝገብ ገልጦ አሳየኝ። ጥር ላይ ልጁ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ተይዟል። አንድ ቀን አይደለም፣ አራት ቀን። በአራተኛው «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ተላከ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ያኔ አላስተዋልኩትም። ተራ ነገር ነው፤ ሁላችንም «ወላጅ አምጣ» ተብለን አድገናል።

ቀጥሎ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የቤተሰብ ድጋፍ የሚባል ነገር ካለ እዚያ ነው ብዬ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ፎርም አወጣች። ተደብድቧል? አልተደበደበም። ተደፍሯል? የለም፣ እኛ እስከምናውቀው። ወላጅ አልባ ነው? እናቱ ሳዑዲ ናት። «እንግዲያ ወላጅ አለው» አለች፣ ፎርሙንም አጠፈች። እውነቷን ነው። ፎርሙ የተሠራው ለተጠቃና ወላጅ ለሞተበት ልጅ ነው። ወላጅ ያለው፣ ግን ወላጁ በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ልጅ ምን ሳጥን ውስጥ ይገባል? ወሎ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ በየመንደሩ አለ።

ግን ልወጣ ስል ከጥግ ያለው ሰው፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው፣ እስከ በሩ ተከተለኝ። «እህቴ፣ ደሴ ሆስፒታሎቹ ጋ የሳይካትሪ ተመላላሽ ክፍል አለ። ልጆችም ያያሉ። በቀጥታ እንዳትሄጂ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፊ፣ አለዚያ የጤና መድህን ደብተራችሁ አይሠራም» አለኝ። ሁለት ወር ስፈልግ የነበረውን በሁለት ደቂቃ፣ በር ላይ ቆመን።

እንግዲህ ደሴ ውስጥ እየኖርኩ ይኼን አለማወቄ ያሳፍረኛል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ደሴ ነው ያለው፤ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፣ ባለሙያ ያስመርቃል። በየጠዋቱ ከነጭ ጋዋናቸው ጋር ባጃጅ ሲጋፉ አያቸው ነበር። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ግን እንደ ሁሉም ሰው በጭንቅላቴ የሚመጣው አንድ ስም ብቻ ነው፦ አማኑኤል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ የተከፈተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ፣ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። እናቴ «አማኑኤል» የሚለውን ቃል ከሰማች ልጁን አልጋ ስር ትደብቀዋለች።

ደግሞ ደበቀች፤ ልጁን ሳይሆን ወረቀቱን።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ጤና መኮንኑ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ። እኔ እስከዚያ ድረስ በየሄድኩበት «አመሉ ተቀየረ» እያልኩ ነበር። ይኼ ቃል የትም አያደርስም። አመሉ የተቀየረን ልጅ ይገርፉታል እንጂ አያክሙትም። በዚያን ቀን ግን በወረቀት ጽፌ ሄጄ ነበር፦ አይተኛም። አልጋ ላይ ይሸናል፣ ከዚህ በፊት ለዓመት በላይ ደርቆ የነበረ። ትምህርት ቤት አይገባም። ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። ምግብ ቀንሷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም። መኮንኑ ሌላ አልጠየቀም። ሪፈሩ ላይ «ለአእምሮ ጤና ምርመራ» ብሎ ጻፈ።

ቤት ስንደርስ አንድ የጎረቤት ተማሪ ለእናቴ ጮክ ብሎ አነበበላት። «አእምሮ» ስትል ሰማኋት፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ። ወረቀቱን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ሳምንት እዚያው ቆየ። በጠየቅኳት ቁጥር «ቆይ፣ ሰው ምን ይላል፣ ነገ ሚስት የሚያገባ ልጅ ነው» ትለኛለች። በ13 ዓመቱ!

ያወጣችው ለኔ ብላ አይደለም። ለሼሁ ነው። ዱዓ ልታስደርግ ሄዳ ነገሩን አነሳችባቸው። «ዱዓውም ሰበብ ነው፣ ሐኪሙም ሰበብ ነው፤ ሰበቡን አድርሱ» አሏት። በነጋታው ወረቀቱን በላብ የራሰ አድርጋ ሰጠችኝ።

ሚያዝያ 2016። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ወረፋው ረጅም ነበር። ጥበቃው «የት ናችሁ?» ሲለኝ «ሳይካትሪ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሱ ደግሞ እስከ በሩ ድረስ ጮክ ብሎ «ሳይካትሪ በዚያ በኩል!» አለ። ልጁ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በካርድ የተሞላ መደርደሪያ። የሳይካትሪ ነርሱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። መጀመሪያ እኛን ሰማ፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ «እናንተ ውጭ ቆዩልኝ» አለ። እናቴ «ምን ሊያደርገው ነው?» አለችኝ ኮሪደር ላይ። አርባ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ ተስቢ ትቆጥራለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። አንዴ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ልጁ ነው የሚያወራው። ሁለት ወር ሙሉ «ምንም» ያለኝ ልጅ!

ስንገባ ነርሱ ልጁን እያየ ተናገረ፦ «ንገራቸው ያልከኝን ብቻ ነው የምነግራቸው። እንደተስማማነው።» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ለካ መጀመሪያውኑ ምን በምስጢር እንደሚቆይ፣ ምን ደግሞ ለሕይወቱ ሲባል ለቤተሰብ እንደሚነገር ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል። ልጁ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ለብቻው የጠየቅነው ቀን አልነበረም፤ ሁልጊዜ አያቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ቡና ላይ፣ ሁልጊዜ ለምን አጠፋህ በሚል ድምፅ።

የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ «ምን ሆነሃል?» አይደለም። «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ነው።

ነገሩ ይኼ ነው። እህቴ ሳዑዲ ከሄደች ጀምሮ ሌሊት በኢሞ ትደውል ነበር። ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ግን ሥራ የምትጨርሰው እመቤቷ ስትተኛ ነው። ሌሊት ስድስት፣ ሰባት ሰዓት። ልጁ ስልኩን አቅፎ ተኝቶ፣ ሲጠራ ተነስቶ አውርቷት ይተኛል። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ኢሞም አብሮ ጠፋ። ቀጥታ ስልክ ውድ ነው፤ የምትደውለው ሲሞላላት ብቻ ነው፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ልጁ ደግሞ ምናልባት ዛሬ ከሆነስ ብሎ አይተኛም። ስልኩ ትራሱ ስር። ሲነጋ ዓይኑ ይከደናል፣ ከድካም የተነሳ ሽንቱ ሲመጣ አይነቃም። ፍራሹ ሲረጥብ ደግሞ አፈረ። ስላፈረ በማግስቱ እንዳይተኛ ይታገላል። ክፍል ውስጥ ያሸልባል። ያሸለበ ይላካል፦ ወላጅ አምጣ።

ወላጁ ሳዑዲ ናት።

አያቱን እንዳይወስድ፣ እግሯን ያማታል፤ ደግሞ ስለ ፍራሹ ትናገርብኛለች ብሎ ፈራ። እኔን እንዳይጠራ፣ ለእናቱ እነግራለሁ ብሎ ፈራ። እናቱ ከሰማች ሥራ ትታ ትመጣለች፣ ከመጣች ዕዳው አለ። ስለዚህ ባህር ዛፍ ውስጥ ተቀመጠ። በ13 ዓመት ጭንቅላት ያገኘው መፍትሔ ይኼ ነው። ብዙ ትልልቅ ሰው ከዚህ የከፋ መፍትሔ ሲያመጣ አይቻለሁ።

ነርሱ ሌላም ቆፍሯል። በ2014 ጥቅምትና ህዳር ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ልጁ 11 ዓመቱ ነበር። እናቴ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ስላለች የተኩሱን ድምፅ ጎተራው ጀርባ ተጣብቀው ነው ያሳለፉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል አልጋ ላይ ሸንቶ ነበር፣ በራሱ ቆመ። ማንም ከቁጥር አላስገባውም። ያ ጊዜ የሁሉም ልጅ ሽንት የሚያመልጥበት ጊዜ ነበር፣ የትልቁም ጭምር። ነርሱ ግን አንዴ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምረው ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል አለ። የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል። ሽንትና ስኳሩ ተመረመረ። ነጻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጁ ፈቅዶ ነርሱ ነገረን። «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ ጠይቆታል። እኔ ይኼን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ለልጅ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሐሳቡን ማስያዝ አይሆንም ወይ? አይሆንም። መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፋል። ልጁ «አንዳንዴ ጠዋት ባልነቃ እላለሁ» ብሏል። ዕቅድ የለውም። ነርሱ ግን ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የእህል ነቀዝ መድኃኒት አለ?» አላት። አለ፣ ጎተራው ላይ ተሰክቷል። «ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ» አለ። አወጣችው። ለምን እንደሆነ የገባት ማታ ነው፤ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ክኒን አልተሰጠም። እናቴ ባዶ እጃችንን መውጣታችን አልጣማትም። «ይኼን ሁሉ መጥተን ወሬ ብቻ?» አለች ታክሲ ውስጥ።

ወሬው ግን ሥራ ነበረው። ለእህቴ እውነቱን ነገርናት። ያንን ስልክ አልረሳውም። ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «ስንት ብር ልላክ?» አለች። አምስት ዓመት ፍቅርን በሐዋላ የላከ ሰው ሌላ ምን ይላል? ብር አይደለም አልናት። ቁርጥ ያለ ሰዓት ነው። ጁምዓ፣ ከመግሪብ በፊት፣ በቀጥታ ስልክ፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ውጭ ሌሊት አትደውይ። ይኼ ጨካኝ ነገር ይመስላል። ግን ልጁ ስልኩ መቼ እንደሚጠራ ካወቀ ሌሎቹን ስድስት ሌሊቶች መተኛት ይችላል። ስልኩም ማታ ማታ እናቴ ጋ ያድራል።

ለአልጋው የተሰጠን ምክር ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑ ንቀነው ነበር። ከመግሪብ በኋላ ሻይም ቡናም የለም። የቡናው በረካ ለልጅ ምን ያደርጋል ብትሉ፣ እኛ ቤት ልጅም ሲኒ ይቀበላል። ሊተኛ ሲል ይሽና። ፍራሹ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ። ሲረጥብ ማንም እንዳይናገረው፣ እንዳያሾፍ፣ እንዳይቆጣ። እናቴ ፍራሹን ካቡ ላይ ማስጣት ትታ ከጓሮ ማስጣት ጀመረች፣ ከመንገድ የማይታይበት። ይኼን ነርሱ አላላትም። ከራሷ ነው።

ለትምህርት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፈልን። «በሕክምና ክትትል ላይ ነው» ይላል፣ ምን ሕክምና እንደሆነ አይልም። ይዤ ሄድኩ። «ወላጅ ነኝ» አልኩ። ዩኒት ሊደሩ አላከራከረኝም። የመጀመሪያው ሳምንት እስከ እረፍት ብቻ ይገባ፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀን፤ አንድ ጓደኛው ጠዋት ቤት መጥቶ ይዞት ይሂድ ተባባልን። ስም ጠሪው፣ ያ የደወለልኝ፣ ካሸለበ እንዲቀሰቅሰውና ዝም እንዲል ተስማማ። ባይደውል ኖሮ እስከዛሬ ባህር ዛፍ ውስጥ ነበር።

ክትትሉ በየሁለት ሳምንቱ ነበር፣ በኋላ በየወሩ። አንድ ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ አመለጠን፤ አንዱ ደግሞ የመድህን ደብተሩ ሳይታደስ ቀርቶ ከካርድ ክፍል ተመለስን። ልጁ ለብቻው ይገባል፣ እኔ ኮሪደር ላይ እጠብቃለሁ። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም። ይኼን መማር ከሁሉም ከብዶኛል። በሁለት ወር ውስጥ እርጥቡ ሌሊት በሳምንት አንድና ሁለት ሆነ። ሐምሌ ላይ የእህቴ አሠሪ ስልክ ከልክላት ሁለት ጁምዓ ሲያልፍ ፍራሹ ተመልሶ ጓሮ ወጣ። ከዚያ ደግሞ ተሻለው። ሰባተኛን ግን ደገመ። ከክፍል የጠፋውና ያንቀላፋው ወራት አልተመለሰም።

ስለ ልጆች አእምሮ ስታስቡ አንድ ቁጥር እዚህ ላይ ልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአንድ የሐይቅ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለ ብላችሁ አስቡ። ለልጆች ብቻ የሠለጠኑ የአእምሮ ሐኪሞች አገሪቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ያንን በር ላይ ተከትሎኝ የወጣውን ማኅበራዊ ሠራተኛ ደጋግሜ አስበዋለሁ። አገልግሎቱ ነበር። ሪፈሩ ነበር። መድህኑ ነበር። ግድግዳው ላይ ግን «ልጅህ ካልተኛ በዚህ በኩል» የሚል ወረቀት አልነበረም። እኔ ያገኘሁት ሰውዬው ከወንበሩ ስለተነሳ ነው።

ባለፈው ቀጠሮ ስንሄድ ነርሱ የለም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በቦታው አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፣ ካርዱን ገልጣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። ልጁ እኔን አየ። «እትዬ፣ ሁሉንም እንደገና?»

እዚያው ኮሪደር ላይ ደብተር አወጣሁና ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። መቼ ጀመረ፣ ምን ተመረመረ፣ ምን ረዳ፣ ምን አባሰ። ከመስጠቴ በፊት እንዲያነበው ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ቆመና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። «ጥር 2016፦ ትምህርት ጠላ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዘው። ከላዩ ላይ በራሱ እጅ ጻፈ፦ «ወላጅ አምጣ ተባለ»። ከዚያ ገጹን ይዞ ብቻውን ገባ።